22 ኪሎ፣ 14 ኪሎ፣ ከዚያ ባዶ ሳይክል

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እንደ ሰፈሬ ልጅ ሁሉ ሳይክል የለመድኩት በኪራይ ነበር። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ስለ ማርሽ አስቤም አላውቅ። ሲያትል ከመጣሁ በኋላ ለዓመታት ሳይክል አልነካሁም። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ያገለገለ የረጅም ጉዞ ሳይክል ገዛሁና ከውሃው ማዶ ያለውን የኦሊምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ቁራጭ በቁራጭ መንዳት ጀመርኩ። እስካሁን ሦስት ጉዞ ሆኗል። ለጀማሪ ይጠቅም እንደሆነ ማስታወሻዬን ላካፍላችሁ። አብዛኛው ስለ ጭነት ነው። ከዳገቱም ከዝናቡም በላይ የፈተነኝ እሱ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። በምዕራብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ በሰሜን የሁዋን ደ ፉካ ሰርጥ፣ በምሥራቅ ሁድ ካናል ከበውታል። መሐሉ ተራራ ነው፤ ከፍተኛው የኦሊምፐስ ተራራ 2,432 ሜትር ይደርሳል። ሀይዌይ 101 ተራራውን ይዞረዋል እንጂ አያቋርጠውም። ዝናቡ ከውቅያኖስ መጥቶ ምዕራቡ ላይ ይራገፋል። የሆህ ጫካ በዓመት 3,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያገኝ ከተራራው ጀርባ ያለችው ስኩዊም የሚደርሳት 400 ገደማ ብቻ ነው። አንድ ተራራ ነው መሐላቸው ያለው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከደረቁ በኩል ጀምሩ።

የመጀመሪያው ጉዞ በግንቦት ነበር። ከሲያትል ቤይንብሪጅ ደሴት በፌሪ 35 ደቂቃ ነው። ሳይክሉ ላይ 22 ኪሎ ጭኜአለሁ፤ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ሁለት ድስት፣ ጂንስ ሱሪ፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ ትልቅ ጀበና ከነሲኒው። ሁሉንም ከኋላ ጎማ በላይ ነው ያሰርኩት። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ቤይንብሪጅ ላይ ግን ሜዳ የለም። ዳገቱ አጭር ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ዳገት የፊት ጎማው እየቀለለ መሪው እጄ ላይ ይዋልል ነበር።

ሁድ ካናል ድልድይ ስደርስ ነፋስ ተነሥቷል። ይህ ድልድይ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ርዝመቱ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በየካቲት 1979 እ.ኤ.አ. ምዕራባዊው ግማሽ በማዕበል ሰጥሞ ነበር። ለመርከብና ለባሕር ሰርጓጅ መካከሉ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ነው። ለሳይክል በቂ ዳር አለው። የብረት መጋጠሚያዎቹን ግን መሪ ሳታጣምሙ ቀጥ ብላችሁ እለፏቸው፤ እርጥብ ከሆኑ ያንሸራትታሉ።

ከድልድዩ ማዶ ትንሽ እንደሄድኩ የኋላ መጫኛው ብሎን ወልቆ ጠፋ። መፍቻ ይዣለሁ፣ መለዋወጫ ብሎን ግን የለኝም። ጭነቱን በገመድ ጠፍሬ እየተንገዳገድኩ ፖርት ታውንሴንድ ደረስኩና በማግስቱ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ዕቃውን በሙሉ ወለል ላይ ዘረገፍኩት። እያንዳንዱን በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩ፣ ክብደቱን ደብተር ላይ ጻፍኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ያልነካሁት ዕቃ 8 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሥራ ሁላችሁም አንድ ጊዜ ብትሠሩት ደስ ይለኛል። በግምት አይሆንም፣ በሚዛን ነው።

በሐምሌ 14 ኪሎ ይዤ ከስኩዊም ተነሣሁ። የዚህ መንገድ ፍቅር የያዘኝ ያኔ ነው። የኦሊምፒክ ዲስከቨሪ መንገድ ከፖርት ታውንሴንድ እስከ ላ ፑሽ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የእግረኛና የሳይክል መንገድ ነው። ብዙው በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ ስለተሠራ ዳገቱ ለስላሳ ነው። ሙሉ በሙሉ ከመኪና የተለየ እንዳይመስላችሁ ግን፤ ለምሳሌ ዲስከቨሪ ቤይ አካባቢ ከመኪና ጋር መንዳት ግድ ነው። ከስኩዊም ወደ ፖርት አንጀለስ ስትሄዱ ደግሞ ወንዞቹ ጋ መንገዱ ድንገት ወርዶ ድንገት ይወጣል። ፖርት አንጀለስ ሲቃረብ ባሕሩን ተጠግቶ ይሄዳል። በቀኛችሁ ውሃ፣ በግራችሁ ገደል። ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ፊት ለፊት ይመታል፤ በማለዳ ተነሡ።

ኤልዋ ወንዝ ላይ መኪናው ከላይ፣ እኛ ከሥሩ በተንጠለጠለው ድልድይ እናልፋለን። ወንዙን ለመቶ ዓመት ያህል የዘጉት ሁለት ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ፈርሰው ሳልሞን ዓሣው ተመልሷል። እዚያ ቆሜ የውሃውን ድምፅ ሰማሁ። አፍርሶ ወንዝ መመለስ እንደሚቻል በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው።

ከዚያ ክሬሰንት ሐይቅ። በደቡብ በኩል የሚያልፈው 101 ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ አልመክርም። በሰሜን በኩል የስፕሩስ ባቡር መንገድ አለ። ሐዲዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአውሮፕላን መሥሪያ የሚሆን እንጨት ለማውጣት በ1918 ተጀምሮ ሳያገለግል ጦርነቱ አለቀ። አሁን አስፋልት ነው። ዋሻው ውስጥ ስገባ ከሐምሌ ፀሐይ ወደ ጓዳ የገባሁ ያህል ቀዘቀዘኝ። መብራቴን አብርቼ ወደ ማዶው ብርሃን ነዳሁ። ስወጣ ሐይቁ ከእግሬ ሥር ነበር፣ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ።

ስንቄ በሶ ነው። በማርና በቁንጥር ጨው አሽቼ እንቁላል የምታህል ጭብጦ አደርገዋለሁ። ስምንት ጭብጦ ለግማሽ ቀን ይበቃል። ኪስ ውስጥ አይቀልጥም፣ ሆድ አይረብሽም፣ በአንድ እጅ ይበላል። ብዙ የታሸገ ነገር ሞክሬአለሁ፤ የእናቴን በሶ የሚያህል አላገኘሁም።

ሦስተኛው በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ያለ ጭነት፣ ሃሪኬን ሪጅ። ከፖርት አንጀለስ 27 ኪሎ ሜትር ሙሉ ዳገት፣ ከባሕር ጠርዝ እስከ 1,600 ሜትር ገደማ። ከፍታውን ስሰማ ንቄው ነበር፤ ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ግን የሚቆጠረው ከየት እንደተነሣችሁ ነው። ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ደጀን ከመውጣት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ማርሽ ገባኝ። ዳገቱ ሳይጀምር ማቅለል ነው። ፔዳሉ ከከበደ በኋላ ከቀየራችሁ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ ይዘላል፣ ጉልበትም ይሄዳል። በመጨረሻው ቀላል ማርሽ ሆኜ አራት ፔዳል ላይ አየር አስገባለሁ፣ አራት ላይ አወጣለሁ። አፌን ከፍቼ ማለክለክ ከጀመርኩ ፍጥነት እቀንሳለሁ። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አንድም ጊዜ ወርጄ አልገፋሁም። መንገዱ ላይ ዋሻዎች ስላሉ የኋላ መብራት ግዴታ ነው በሉት። አናቱ ላይ የነበረው የእንግዳ ማረፊያ በግንቦት 2023 ተቃጥሏል፤ ውሃና ምግብ ከታች ይዛችሁ ውጡ። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር በደቡብ በረዶ የለበሱት ጫፎች፣ በሰሜን ከሰርጡ ማዶ ካናዳ ይታዩ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ስወርድ ስሕተት ሠራሁ። በላብ የራሰውን ልብስ ሳልቀይር ወረድኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሬን መያዝ አቃታቸው፤ ቆሜ ብብቴ ሥር አሞቅኳቸው። ደረቅ ካናቴራና ጓንት ሳትይዙ ተራራ አትውጡ።

የሚቀጥለው ምዕራቡ ነው፤ ፎርክስ፣ ሩቢ ቢች፣ ካላሎክ፣ ኩዊኖልት ሐይቅ። ከሰሜን ወደ ደቡብ እነዳለሁ፤ የበጋው ነፋስ ብዙ ጊዜ ከጀርባ ይሆናል፣ ውቅያኖሱም በእኔ በኩል። ግንድ የጫኑ ከባድ መኪኖች ስለሚበዙ የ101ን ቁራጭ እሑድ ጠዋት አደርገዋለሁ። ልብሱ ሁሉ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ከፊቱም ከኋላውም እኩል። እስካሁን ሚዛኑ 11 ኪሎ ይላል። አራት መለዋወጫ ብሎንና አንዲት ትንሽ ጀበና በውስጡ አሉ። ጀበናዋ 600 ግራም ናት።