ሁለት አምድ ወደ ቀኝ

በ2013 ዓ.ም. ለስድስተኛው አገራዊ ምርጫ መራጮችን መዝግቤያለሁ። ጣቢያችን ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነበር። ጠዋት ጠዋት ባጃጁ የሚችለው ድረስ ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ምዝገባው መጋቢት 16 ተጀመረ። ሚያዝያ ላይ ረመዳን ገባ፤ ዝናቡም ያዘ። ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ጾሙን ይዞ፣ ጭቃውን እየረገጠ ነው የሚደርሰው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ሰውየው 18 ዓመት ሞልቶታል ወይ? በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር ኖሯል ወይ? መታወቂያውን ታያለህ። መታወቂያ ከሌለው የአካባቢው ሰዎች ቀርበው ይመሰክሩለታል። ከዚያ መዝገቡ ላይ ታሰፍራለህ፣ ታስፈርማለህ፣ ካርዱን ትሰጣለህ። አለቀ።

የሚያስቸግረው ስም ነው። የጅማው ንጉሥ መጠሪያ አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም፣ ማለትም ሰው በፈረሱ የሚጠራበት ስም መሆኑን ጅማ ያደገ ሰው ያውቃል። ያ ልማድ በየቤቱ አሻራውን ጥሏል፤ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም በ«አባ» የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ደግሞ በአንድ ጥሪ አምስት ሰው ዞር የሚልበት ይሆናል።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ስለሆነ ጠዋት ጣቢያው ጭር ይላል፤ ከሰዓት ግን ሰዉ ከገበያ ሲመለስ አንድ ላይ ይመጣል። ሰልፉ ከበሩ አልፎ ዛፉ ሥር ደርሷል። አንድ ሽማግሌ ተራቸው ደረሰ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቆሙ። ስማቸውን ከነአያታቸው ነገሩኝ። ትናንት የጻፍኩት ስም መሰለኝና መዝገቡን ገለጥኩ። ጣቴን በስሙ አምድ ላይ ወደ ታች ነዳሁት። አገኘሁት። ሦስቱም ስም አንድ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ተመዝግበዋል» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ያለ ነበር።

«አልተመዘገብኩም።»

«ይኸው ስምዎ! ሁለቴ መመዝገብ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል።»

ሰልፉ ዝም አለ። ሽማግሌው የሚሉት ነገር ያላቸው መስሎኝ ጠበቅኩ። ምንም አላሉም። ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። እኔም «ቀጣይ!» አልኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ያ ትናንት የተመዘገበው የታችኛው ሰፈር ሰው ነው። እኚህ የላይኛው ሰፈር ናቸው። ስማቸው አንድ ነው እንጂ ሰውየው ሌላ ነው» አለኝ። መዝገቡን መልሼ ገለጥኩ። ከስሙ ሁለት አምድ ወደ ቀኝ ዕድሜ ተጽፏል፦ 41። ፊቴ ቆመው የነበሩት ሰው ሰባውን ያለፉ ናቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ጣቴ ሦስት ስም ላይ ደርሶ ቆመ እንጂ ወደ ቀኝ አልሄደም።

ጣቢያው ሲዘጋ ወጣቱን ይዤ ወደ ቤታቸው ወጣሁ። ለማፍጠር ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። እንግዳ ነኝና አስገቡኝ፤ አዛን ሲሰማ ከራሳቸው በፊት ለእኔ ቴምር ዘረጉ። የያዝኩት ይቅርታ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንደምንም ተናገርኩት። በኦሮምኛ ነበር የምናወራው፤ እሳቸው ቃል አያባክኑም።

«ልጄ፣ እኔ ተቀብዬሃለሁ» አሉኝ። «ግን ቃሉን የተናገርከው እዚህ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው እዚያው ነው የሚነሳው።»

ከዚያ ስለ ምርጫው ጠየቁኝ። የቀበሌው ነው ወይ አሉ። አይደለም፣ አንዱ ወረቀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት ለጨፌ ኦሮሚያ ነው አልኳቸው። ታዲያ የወንዙን ድልድይ ለማን ነው የምናገረው አሉኝ። ልጆች ዝናብ ሲበረታ ከትምህርት ቤት የሚቀሩት በእሱ ምክንያት ነው። የአካባቢ ምርጫ የተደረገው በ2005 ነው። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ፤ እኛ ያን ጊዜ ስንመዘግብም ገና አልተደረገም። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ስምንት ዓመት» አሉና ዝም አሉ። እኔ ይህ ጥያቄያቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ለገጠር ሰው መንግሥት ማለት ከሁሉ በፊት ድልድዩን የሚያውቀው የቀበሌ ምክር ቤት ነው። ያን መምረጥ ሳይችሉ ዓመታት ያለፉባቸው ሰው ለዚህኛው ምርጫ ጭቃ ረግጠው መጡ፤ እኔ ደግሞ አጭበርባሪ አስመስዬ መለስኳቸው።

በማግስቱ ጁምዓ ነው፤ ከሶላት በኋላ ሰልፉ ሞላ። ከወንበሬ ተነሳሁ። «ትናንት እኚህን አባት ሁለቴ ሊመዘገቡ ነው ብዬ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። አልተመዘገቡም፤ ሌላ ሰው ነው» አልኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት እናት ከሰልፉ ውስጥ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። ሽማግሌው አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ስም ሁለቴ ሲመጣብኝ አፌን ከመክፈቴ በፊት ዕድሜውንና ሰፈሩን አያለሁ። ባልደረቦቼም እንዲሁ ማድረግ ጀመሩ። በዚያች ጣቢያ ብቻ ሦስቱም ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሌላ ሁለት ጊዜ አጋጠሙን። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ማጣራት የመለስነው ሰው የለም።

ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ሰፈራቸውን ጻፍኩ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክቼ አስፈረምኩ። ካርዱን ተቀብለው ወዲያው አልሄዱም።

«ዕድሜዬን ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ፣ አባባ።»

«የቱ ጋ ነው?»

መዝገቡን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ጣቴን ስማቸው ላይ አሳረፍኩና ቀስ ብዬ ሁለት አምድ ወደ ቀኝ ወሰድኩት።