ቁጥሩን ማን ጻፈው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ብረት ሠሪ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ የቤት ፕላን እሠራለሁ። ጎረቤቴ ብየዳ ሲጀምር መብራቱ ይርገበገባል፤ እኔም ቶሎ ሴቭ አደርጋለሁ። ኢንጂነር አይደለሁም፣ ድራፍተር ነኝ። እዚህ ሰፈር ግን ወረቀት ጠቅልሎ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው።

አንድ ጠዋት አንድ ፎርማን ደወሉልኝ። «ኢንጂነር፣ ወረቀትህ ከራሱ ጋር ተጣልቷል። ናና አስታርቀው።»

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ (በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ እንዲህ ነው የምላቸው) ከሲሚንቶ ከረጢት በቀደዷት ቁራጭ ላይ በእርሳስ ደምረው ጠበቁኝ። የውጭ ግድግዳ 0.20፣ መኝታ ቤት 3.60፣ የመሀል ግድግዳ 0.15፣ ሳሎን 4.07፣ ሌላው የውጭ ግድግዳ 0.20። ድምሩ 8.22። መሠረቱ ደግሞ ድፍን 8 ሜትር ነው። ግንበኞቹ 3.60ን አምነው የመሀሉን ግድግዳ ሁለት ረድፍ ብሎኬት አንስተዋል።

ጥፋቱ የኔ ነው። መጀመሪያ ስሠራው ኦቶካድ (ባጭሩ ካድ፣ ፕላን የምሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) መኝታ ቤቱን ለክቶ 3.58 አለኝ። ባለቤቱ የፈለጉት 3.60 ነበር። መስመሩን ሁለት ሳንቲም መግፋት ሰነፍኩና ዳይሜንሽኑን (ልኩን የሚያሳየውን ቁጥር) ሁለቴ ክሊክ አድርጌ በላዩ 3.60 ብዬ ጻፍኩበት። ማን ያያል ብዬ። ከሳምንት በኋላ ባለቤቱ ሳሎኑ ይስፋልኝ አሉ፤ ግድግዳውን 20 ሳንቲም ገፋሁት። የሳሎኑ ዳይሜንሽን ከቅርጹ ጋር የታሰረ ስለነበር ከ3.87 ራሱ ወደ 4.07 ዞረ። የመኝታ ቤቱ 3.38 ማለት ሲገባው 3.60 እንዳለ ቁጭ። አንዱ ቁጥር በሕይወት አለ፣ ሌላው ሞቷል፤ ወረቀት ላይ ግን መንታ ናቸው።

ሁለቱ ረድፍ ፈረሰ። የግንበኞቹን ቀን ከኪሴ ከፈልኩ።

ማታውን የድሮ ፋይሎቼን ስከፍት አመሸሁ። ዳይሜንሽኑን መርጠህ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ቴክስት ኦቨርራይድ (በላዩ የተጻፈ) የሚለውን ታያለህ። ባዶ ከሆነ ቁጥሩ ከመስመሩ የመጣ ነው። የሆነ ነገር ከተጻፈበት አጥፋው፣ እውነተኛው ልክ ብቅ ይላል። አሥራ አንድ የሞቱ ቁጥሮች አገኘሁ። ኤክስፕሎድ የተደረገ (የተበተነ) ዳይሜንሽን ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ተራ መስመርና ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ ግድግዳው የት እንደሄደ አያውቅም።

ጋሼ ያን ቀን ሌላም ጥያቄ ነበራቸው። «ይሄን ሁሉ በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ለማን ነው?» መልስ አልነበረኝም። አሁን ማድ ቤት፣ እንጀራ መጋገሪያ፣ ሰርቪስ ቤት እያልኩ በአማርኛ እጽፋለሁ። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ማድ ቤቱ ተርታ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቀረ። ለካ ስጠቀምበት የኖርኩት ኤስኤችኤክስ የሚባለው የኦቶካድ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ፊደላችንን አያውቅም። ቴክስት ስታይሉን ናያላ ወደሚባለው የአማርኛ ፎንት ቀየርኩት፣ ተስተካከለ። ማተሚያ ቤት ግን ፒዲኤፍ ነው የምልከው፤ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ምን ፎንት እንዳለ ማን ያውቃል።

የጽሑፉ መጠንም አለ። እኔ በሜትር ነው የምሠራው። በ1 ለ 100 (መቶ ጊዜ አንሶ) ታትሞ 2.5 ሚሊሜትር እንዲወጣ ከፈለግኩ ሞዴሉ ላይ (ቤቱን በሙሉ ልኩ የምስልበት) 0.25 አደርገዋለሁ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ዝርዝር በ1 ለ 20 ሲሆን 0.05 ይበቃል። ከኦቶካድ 2008 ወዲህ አኖቴቲቭ ካደረግከው ሒሳቡን ራሱ ይሠራል። እኔ ግን 2.5ቱን ትቼ 3.5 አድርጌዋለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን ሳይት ይዘው አይመጡም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ፕላን ላክሁላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ 2.90 የካዱ ነው ወይስ ያንተ?»

«የካዱ ነው ጋሼ።»

«በል ክሩን ልወጥር።»