በዓለት ውስጥ ያለውን ውሃ ስንገምት ሙቀቱን አንርሳ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከሐረር ሲመጣ ግማሽ ሊትር የጨው ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ማለዳ ቤታቸው ሳለ ውሃው 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንደነበር ሬዚስቲቪቲውን፣ ማለትም የኤሌክትሪክን መተላለፍ የመቋቋም ባሕርዩን፣ ለክቶ በደብተሩ አስፍሯል። ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ እኔ ቤት ከደረሰ በኋላ ጠርሙሱን በረንዳው ላይ አቆየነውና ሙቀቱ 33 ዲግሪ ሲሆን በዚያው መሣሪያ፣ የሙቀት ማስተካከያው እንደጠፋ፣ እንደገና ለካው። ቁጥሩ ከሩብ በላይ ቀንሶ አገኘው። «ጋሼ፣ ክዳኑን እኮ አልከፈትኩትም» አለኝ። ክዳኑ እንዳልተከፈተ አምኜዋለሁ፤ የጨው ውሃ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በውስጡ የሟሟው ጨው አዮኖችም በቀላሉ ስለሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ ይበልጥ ያስተላልፋል።

ልጁ ጂኦሎጂ እየተማረ ነው፤ የከበደው ትምህርት ደግሞ የውሃ ሙሌት ግምት ነው። ጋዝ ወይም ዘይት ያዘለ ዓለት ባዶ ዋሻ አይደለም፤ በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፊሉን ጋዝ፣ ከፊሉን ጨዋማ ውሃ ይዘው ይገኛሉ። ውሃው ከቀዳዳዎቹ ስንት እጁን እንደያዘ ካላወቅን የጋዙን መጠን ማስላት አንችልም። «ታዲያ ድንጋዩን ቆርጦ አውጥቶ መለካት አይቀልም?» ብሎ ጠይቆኛል። ናሙናው ወደ ላይ ሲወጣ ግን ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ ተስፋፍቶ ፈሳሹን ይገፋዋል፤ በቁፋሮ ጊዜም ወደ ጉድጓዱ የሚገባው የመቆፈሪያ ጭቃ ፈሳሽ ዘልቆ ይገባበታል። ስለዚህ እጃችን የገባው ናሙና ከምድር በታች የነበረውን ሙሌት እንዳለ ይዞ አይመጣም።

በጉድጓድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ልኬት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 በፈረንሳይ ፔሼልብሮን ሲሆን፣ ልኬቱን ከውሃ ሙሌት ጋር ያገናኘውን ቀመር የሼል ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጋስ አርቺ እ.ኤ.አ. በ1942 አሳተመ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የአሸዋ ቅንጣትም ጋዝም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በውሃው ብቻ ነው። በጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተን እንዲህ አሰላን። ከዓለቱ 20 በመቶው ቀዳዳ ይሁን፤ የውሃው ሬዚስቲቪቲ 0.05 ኦም-ሜትር፣ በጉድጓዱ ውስጥ የተነበበው የዓለቱ ሬዚስቲቪቲ ደግሞ 20 ኦም-ሜትር ይሁን። 0.05ን በ0.2 ካሬ፣ ማለትም በ0.04፣ ስናካፍል 1.25 እናገኛለን፤ ይህ ዓለቱ በውሃ ብቻ ቢሞላ ሊኖረው የሚችለው ሬዚስቲቪቲ ነው። 1.25ን ለ20 አካፍለን የካሬ ሥሩን ስንወስድ 0.25 ይመጣል። ውሃው 25 በመቶ፣ ጋዙ 75 በመቶ ነው ማለት ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ለስሌት እንዲመች ከላይ ባሉት ቁጥሮች ላስረዳ። ከላቦራቶሪ የመጣው ወረቀት የውሃውን ሬዚስቲቪቲ 0.12 ይላል። እኔም ቁጥሩን እንዳለ ቀመሩ ውስጥ አስገባሁና የውሃ ሙሌቱ 39 በመቶ ወጣ። ሪፖርቱን ያነበበው አለቃዬ «ይህ ውሃ የተለካው ስንት ዲግሪ ላይ ነው?» ሲል ብቻ ጠየቀኝ። የተለካው 25 ዲግሪ ላይ ነበር፤ ዓለቱ ያለበት ጥልቀት ግን 90 ዲግሪ ነው። ማስተካከያው በሁለቱም ሙቀቶች ላይ 21.5 መደመር ነው፤ 0.12 በ46.5 ተባዝቶ ለ111.5 ሲካፈል 0.05 ይሆናል። አንድ ያልተነበበ የሙቀት መስመር ከቀዳዳው ቦታ 14 በመቶ ያህሉን ከጋዝ ወደ ውሃ አዛወረብኝ። ያ ጥያቄ ዛሬም ሪፖርት ባነበብኩ ቁጥር ቀድሞ ይመጣብኛል።

0.2ን ካሬ ያደረግንበት ቁጥር 2ም የማይለወጥ ሕግ አይደለም። የቀዳዳዎቹ መንገድ ሲጠማዘዝ 2 የነበረው ቁጥር 2.3 ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በሌሎቹ ቁጥሮች ላይ ምንም ሳይነካ 25 በመቶ የነበረው ውሃ 32 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዓለቱ ሸክላ ሲኖረው ደግሞ ሸክላው ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የአርቺ ቀመር ብቻውን ውሃውን አብዝቶ ያሳያል፤ ለዚህ የሚሆኑ ሌሎች ቀመሮች አሉ።

ለእኛ ለድሬዎች ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ጋዝ በተገኘበት በሶማሌ ክልል በካሉብ ጋዝ ካዘሉት ዓለቶች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ይኸው ድንጋይ በከተማችን ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ወጥቶ ይታያል፣ በእጅም ይነካል። የምንጠጣውም የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ላይ የሚሠሩ ወጣቶች ትልቅ ሬዚስቲቪቲ ሲያዩ በውስጡ ሌላ ነገር አለ ብለው እንዳይቸኩሉ እመክራለሁ። ኮንዳክቲቪቲው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ በሴንቲሜትር 1,000 ማይክሮሲመንስ የሆነ ውሃ ሬዚስቲቪቲው 10 ኦም-ሜትር ነው፤ 20 በመቶ ቀዳዳ ያለውን አሸዋ ድንጋይ ብቻውን ሲሞላው ዓለቱ 250 ኦም-ሜትር ይነበባል። ያ ቁጥር በወረቀታችን ላይ ካለው የጋዝ ዓለት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው፤ ውስጡ ግን ውሃ እንጂ ጠብታ ጋዝ የለም።

የእህቴ ልጅ እሑድ ወደ ሐረር ሲመለስ ከተራራው ያነሳነውን ጡብ የምታህል የአሸዋ ድንጋይ ይዞ ሄደ። በጨው ውሃው ዘፍዝፎ፣ አየሩ በሙሉ እስኪወጣ ጠብቆ ይለካታል፤ ከእያንዳንዱ ንባብ ጎን የሙቀቱን ቁጥር እንዲጽፍ ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ አስምሬለታለሁ።