«ፒክ አፕ»ን እንዴት አነሳሁት

አዲስ አበባ እያለሁ የማውቀው ፒካፕ አንድ ብቻ ነበር። ከኋላው ዕቃ የሚጫንበት መኪና። ጎረቤታችን ቤት ሲቀይር የተከራየው፣ አጎቴ ደግሞ «አንድ ቀን እገዛለሁ» እያለ ሳይገዛው የቀረው ሃይሉክስ። ቃሉ ግስ እንደሆነም አላውቅም ነበር ብል ግን ውሸት ነው። ፈተና ላይ መጥቶ ያውቃል። መልሱ «ማንሳት» ነበር። አከበብኩ፣ አለፍኩ፣ ረሳሁት።

ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ ገባሁ። ብዙም ሳልቆይ አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ሐሙስ አለቃዬ ወረቀት ይዞ መጣና «ካን ዩ ፒክ አፕ ሳተርደይ?» አለኝ። አሰብኩ። ፒክ አፕ ማለት ሄዶ ማምጣት እንደሆነ የአክስቴ ልጅ ቤት ተምሬያለሁ። እሷ በየቀኑ 9 ሰዓት ላይ «ልጆቹን ፒክ አፕ ላድርግ» ብላ ትወጣለች። እንግዲህ ሰውዬው ቅዳሜ የሆነ ዕቃ አምጣ እያለኝ ነው።

«መኪና የለኝም» አልኩት።

ግራ ገባው። «በአውቶቡስ አይደል የምትመጣው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ችግሩ ምንድነው?»

ዕቃውን በአውቶቡስ ጭነህ አምጣ ያለኝ መሰለኝ። ምን ዓይነት ጨካኝ ሰው ነው ብዬ በሆዴ እያማሁት «ኦኬ» አልኩ። ለካ ኦኬ ስል የቅዳሜን ሺፍት ወስጃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ዕቃው የት እንዳለ የሚነግረኝ ሰው እጠብቃለሁ። እሱ ደግሞ ሳህን እንደ ተራራ ተቆልሎበት እኔን ይጠብቃል። ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ሰኞ ዕለት ደብተር ገዛሁ። እልህ ነው የገዛው እንጂ እኔ አይደለሁም። ከመዝገበ ቃላት የፒክ አፕን ትርጉሞች አንድ በአንድ ቀዳሁ። ማንሳት፣ ማምጣት፣ መግዛት፣ መልመድ፣ መሰብሰብ፣ መሻሻል፣ መፍጠን፣ ካቆሙበት መቀጠል፣ የሬዲዮ ሞገድ መቀበል፣ ሴት መጥበስ። 15 ስደርስ ተውኩት። ወረቀቱን አልጋዬ ራስጌ ለጥፌ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸመደድኩት።

ምንም አልጠቀመኝም። ሰው ሲናገር «ቁጥር 7ን ማለቴ ነው» አይልም። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ልጇን «ፒክ አፕ ዩር ሩም!» ብላ ስትጮህበት እኔ ዝርዝሬን በሐሳቤ አገላብጣለሁ። ክፍል እንዴት ነው የሚነሳው? ልጁ ግን ካልሲውን ከመሬት መልቀም ጀምሯል። ሌላ ጊዜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ምሳ በልተን ስናበቃ «አይል ፒክ አፕ ዘ ቼክ» አለኝ። እኔ የማውቀው ቼክ የባንክ ነው። «ደሞዝ ወጣ እንዴ?» ብዬ ተነሳሁ። እሱ ልጋብዝህ ነው ያለው። እኛ አገር ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ልሙት» ተባብሎ መታገል ነው ደንቡ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልታገል ተጋበዝኩ።

ዋናው ውርደት ግን ሌላ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ፈቃድ ወስጄ ከደለስ ኤርፖርት ተቀበልኳት። በማግስቱ ኩሽና ውስጥ ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቁኝ፣ በኩራት፣ ኤርፖርት አንዲት ሴትዮ ፒክ አፕ አድርጌ ነው አልኩ። ሳህን የያዘው ሳህኑን አስቀመጠ። ቆንጆ ናት ወይ አሉኝ። «በጣም። ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ግን ቆንጆ ናት» አልኩ። ለሁለት ወር ሳቁብኝ። አየር ማረፊያ ሰው መቀበልና የማያውቋትን ሴት አባብሎ ይዞ መሄድ በአንድ ቃል መጠራታቸው እስካሁን ጥፋቱ የኔ አይመስለኝም። «አክስቴን» ብዬ ብጀምር ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ እንግሊዝኛ ሳጠና አይደለም። አማርኛ ሳስተምር ነው። ኩሽናው ውስጥ ሐበሻ ያገባ አሜሪካዊ ምግብ አብሳይ ነበር። ለሚስቱ ዘመዶች ብሎ አማርኛ ይማራል። አንድ ቀን «አለ» ምን ማለት ነው አለኝ። «ተናገረ ማለት ነው» አልኩት። ጻፈ። «በል»ስ? «ተናገር»። እሱንም ጻፈ። ከዚያ አማቱ እቤታቸው በገባ ቁጥር «ቁጭ በል» እንደሚሉት ነገረኝ። መጀመሪያ ጊዜ ሲሉት፣ ታዛዥ ልጅ ነውና፣ እንደቆመ ጮክ ብሎ «ቁጭ!» አለ።

ሳቄን ስጨርስ ደነገጥኩ። ልክ ነበር እኮ። ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ከፍ አለ፣ ቅር አለው። በነዚህ ሁሉ ማን ምን ተናገረ? ማንም። «ብድግ» ብቻውን ምንድነው? ምንም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሦስተኛ ነገር ይወልዳሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በየደቂቃው የምጠቀምበትን ዘዴ እንግሊዞች ሲጠቀሙበት ነው ተንኮል የመሰለኝ።

ያን ዕለት ማታ ዝርዝሩን ከግድግዳ ቀደድኩት። ደብተሩ ላይ ቃል መጻፍ አቆምኩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው ብቻ። ከዚያ ከጎኑ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ምኑን?»

ስልኩን ከሆነ ማንሳት ነው። ልጁን ከሆነ ሄዶ ማምጣት። ወተቱን ከሆነ ወደ ቤት ሲሄዱ ጎራ ብሎ መግዛት። ሺፍቱን ከሆነ የሌላውን ተራ መሸፈን። ሂሳቡን ከሆነ ኪስ መግባት። ጉንፋኑን ከሆነ ከሰው መያዝ። ቋንቋውን ከሆነ ክፍል ሳይቀመጡ ከሰው አፍ መልመድ። ትርጉሙን የያዘው ግሱ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣው ስም ነው።

ደብተሩ ሲሞላ ሌላ ነገር አየሁ። ፒክ ራሱ እኮ መልቀም ነው። ቡና ለቀማ ላይ ያለው መልቀም። ፒክ አፕ ደግሞ ለቀም ማድረግ። ወተቱን ለቀም፣ ልጁን ለቀም፣ ቃሏን ለቀም። ለዚህ ነው ወተት ፒክ አፕ ሲባል ለግዢ ታስቦበት የተወጣ የማይመስለው። ቤት ፒክ አፕ አድርጌ መጣሁ የሚል ሰውም ሰምቼ አላውቅም። ቤት በመንገድ ላይ ለቀም አይደረግም፤ በተለይ ቨርጂኒያ።

አንዳንዴ ግን «ምኑን?» ብዬ ስጠይቅ መልስ የለም። ሥራ ፒክ አፕ አደረገ፣ ንፋሱ ፒክ አፕ አደረገ። ማንም ምንም አላነሳም። እዚህ ላይ ያዳነኝ እንደገና አማርኛው ነው። እኛ ራሱ ሲነሳ «ብድግ አለ»፣ ሌላውን ሲያነሳ «ብድግ አደረገ» እንላለን። እንግሊዝኛው ይህን ልዩነት በቃሉ ላይ አያሳይም። ስለዚህ የሚነሳ ነገር ከሌለ በ«አለ» አስባለሁ። ገበያው ነቃ አለ። ንፋሱ በርታ አለ። ፍጥነቱ ጨመር አለ። ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተሳሳትኩም።

ደግሞ ማንሳትን እንመርምራት። ስልክ እናነሳለን። ፎቶ እናነሳለን። ጥያቄ እናነሳለን። ማዕድ እናነሳለን። ባለሥልጣን እናነሳለን፣ እገዳ እናነሳለን፣ የሞተ ዘመድ ስም አንስተን እናለቅሳለን። ከነዚህ ውስጥ ከፒክ አፕ ጋር የሚገጥመው ስልኩ ነው፣ ሌላው አይገጥምም። «ፎቶ ፒክ አፕ አድርግልኝ» ብሎ ስልኩን ለአላፊ አግዳሚ የሰጠ ሰው አውቃለሁ። ስልኩን ይዞበት ሊሄድ ምንም አልቀረውም።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅኩት በኋላ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ከግስ ኋላ የሚለጠፉት እነዚህ ትንንሽ ቃላት ለባዕድ ሰው ትልቁ ፈተና እንደሆኑ ጽፏል። ከምሳሌዎቹ አንዱ ቴክ ኦፍ ነው። እሱ የሰጠው ትርጉም መቅዳት ነበር። ዛሬ አውሮፕላን ይነሳበታል፣ ጫማ ይወልቅበታል። እኔ ላይ ብቻ አይደለም ለካ የሚለዋወጠው።

የትምህርት ቤት እንግሊዝኛችን ለምን እንደከዳኝም እዚያው አካባቢ ገባኝ። እኛ ክፍል ውስጥ የለመድነው የላቲን ዘር ያለባቸውን ወፍራም ቃላት ነው። ኮሌክት (መሰብሰብ)፣ አኳየር (ማግኘት)፣ ሪዙም (ካቆሙበት መቀጠል)። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ በፈረንሳይኛ፣ በኋላም ከላቲን መጽሐፍ በቀጥታ የገቡ ናቸው። ለማመልከቻ ግሩም ናቸው። ኩሽና ውስጥ ግን የአክስቴን ልጅ «ልጆችሽን ሰበሰብሽ ወይ» ብሎ በግዕዝ እንደመጠየቅ ነው። ሁሉም ይገባዋል፣ ሁሉም ዞሮ ያይሃል።

አንዲት ሰዋስው ብቻ ልጨምር። ከፒክ አፕ ጋር «ኢት» ሁልጊዜ መሃል ትገባለች፦ ፒክ ኢት አፕ። «ፒክ አፕ ኢት» ስል ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላረመኝም፤ ይሄ ደግነት ይሁን ስንፍና አላውቅም። እኛ «አነሳሁት» ስንል «ት»ን ከግሱ ጋር ሰፍተናት የለ? እነሱም መሃል ሸጉጠዋት ነው።

አሁን ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። እኔም በተራዬ 9 ሰዓት ላይ «ፒክ አፕ ላድርጋት» ብዬ እወጣለሁ። ልብ በሉ፣ አማርኛችን ቃሉን ሲቀበል ወዲያው «አደረገ»ን አስታጠቀው። ስልክን ግን አላስነካም። «ስልኩን ፒክ አፕ አላደረገም» የሚል ሐበሻ እዚህም ብርቅ ነው፤ «አላነሳም» ነው የሚባለው።

ትናንት መኪናዎቹ ተራ የሚይዙበት ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ስሙ ፒክ አፕ ላይን ነው። ሴት ለመጥበስ የሚወረወር ቃልም ስሙ ያው ፒክ አፕ ላይን ነው፤ ግን እዚያ ሰልፍ ላይ ያለነው ሁላችንም ደክሞናል። ልጄ ቦርሳዋን እየጎተተች መጣች። «ዳዲ፣ ፒክ ሚ አፕ!»

«መጣሁ አይደል እንዴ» አልኳት።

ቦርሳዋን ጣለችና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።