ከፀጉር ቤት ወንበር እስከ ዕድር ድንኳን

ባሕር ዳር ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ሙያ ተሰማርቼ ስሠራ፣ «ባህልን ያገናዘበ የጤና ድጋፍ» የሚለው ሐረግ በየሥልጠናው ሲነሳ እሰማለሁ፤ ሲነሳም ትዝ የሚለኝ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ52 የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤቶች የተካሄደውና በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት ነው። የልብ ሐኪሙ ሮናልድ ቪክተርና ባልደረቦቹ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ወንዶችን በሁለት ከፍለው ተከታተሉ። በአንደኛው ወገን ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን አኗኗሩን እንዲያስተካክልና ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ይመክረዋል፤ በሌላኛው ወገን ግን ልዩ ሥልጠና የወሰደ ፋርማሲስት እዚያው ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ ግፊቱን ይለካል፣ ከደንበኛው ሐኪም ጋር ባለው ስምምነት መሠረትም መድኃኒት ያዝዛል። ከስድስት ወር በኋላ ምክር ብቻ ባገኙት ዘንድ የግፊቱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ9 ገደማ ሲቀንስ፣ ፋርማሲስት በመጣላቸው ዘንድ በ27 ወረደ።

ይህ ልዩነት በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። ሁለቱም ወገኖች ፀጉር ቤቱን፣ ማለትም ሰውየው ለዓመታት የተመላለሰበትንና የልቡን የሚያጫውትበትን ቦታ ተጠቅመዋል፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሕክምናው ራሱ ወደዚያ ቦታ መሄዱ ነው። (ፀጉር ቤቱ የወንዶች ስለሆነ ስለ ሴቶቹ የሚነግረን ነገር የለም፤ ይህንንም መዘንጋት አይገባም።)

የአሜሪካ ጥቁሮች ለጤና ተቋማት ያላቸው ጥርጣሬ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአላባማ ግዛት፣ ቱስኬጊ በሚገኝበት በሜከን አውራጃ፣ የመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ለጥናት መርጠው ተከታተሉ፤ ከእነርሱም 399ኙ ቂጥኝ የነበረባቸው ሲሆኑ፣ በሽታው ሳይታከም ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሲባል ሕክምና ተነፈጋቸው፤ ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላም እንዲሁ። በዕድር ላደገ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ዝርዝር ደግሞ ሌላ ነው፦ ቤተሰቦቹ አስከሬኑ እንዲመረመር ከፈቀዱ የቀብር ወጪያቸው እንደሚሸፈንላቸው ቃል ተገብቶ ነበር። ሰዎቹን ስታመላልስና ስትከታተል የኖረችው ነርስ ዩኒስ ሪቨርስም እንደ እነርሱ ጥቁር ነበረች። ስለዚህ ከማኅበረሰቡ የወጣ ባለሙያ መቅጠርና በማኅበረሰቡ ወግ መናገር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ያን ቅርበት ምን እንዲሠራ አደረግነው የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር ያቋቋሙት ጥቁር ማኅበራዊ ሠራተኞችም ሙያው ለወገኖቻቸው የሚሰጠው አገልግሎት በእነርሱ እጅ እንዲመራ ነበር የታገሉት።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ባለፈው ሑዳዴ ግፊታቸው አልወርድ ያለ አንዲት እናት ኪኒናቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልኝ፤ መሆን ከነበረበት በላይ ተርፏል። ካርዱ «ጠዋት» ይላል፤ እርሳቸው ደግሞ ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ይይዛሉ፣ በዚያ ላይ ቅዳሴ ባለበት ቀን ጨርሶ ይረሱታል። ተቆጥተው «አትጹሚ ልትይኝ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እንደዚያ አላልሁም፤ በእርሳቸው ፈቃድ የንስሐ አባታቸውን አነጋገርሁ፣ ሐኪሙም መድኃኒቱን ከማታው ገበታ ጋር ማድረግ እንደሚቻል አይቶ ካርዱን ቀየረላቸው። ነገሩ የተቃናው አባታችን ስለመከሯቸው ብቻ ሳይሆን ትእዛዙ ራሱ ስለተለወጠ ነው።

በከተማችን ግን የለመድነው የምክሩን ወገን ነው። የዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይፈቀድልናል፤ ስለ ጨውና ስለ ግፊት ተናግረን «ጤና ጣቢያ ሂዱ» ብለን እንወጣለን። የሄደውም ሰው ወረፋ ጠብቆ፣ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ፣ በሚቀጥለው ወር ይቀራል። እኔ የምሻው ነርስ መለኪያዋንና መድኃኒቱን ይዛ፣ ከሐኪም ጋር በስልክ እየተነጋገረች፣ የዕድር መዋጮ በሚከፈልበት ዕለት እዚያው እንድትሠራ ነው። ለዚህ ደግሞ የማን ግፊት ስንት እንደሆነ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እንዳይሰማ የተከለለ ቦታ ያስፈልጋል፤ ያነጋገርኋቸው የአንድ ዕድር ዳኛ ድስትና ወንበር የሚቀመጥበትን ክፍል ሊያስጸዱልን ፈቅደዋል። ያልተፈታው ስብሰባው እሑድ መዋሉ ነው፤ የነርሷን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጤና ጣቢያው ይሸፍን ወይስ ዕድሩ ከመዋጮው ያዋጣ በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም።