መቁጠሪያው በእጄ ስለነበር

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት ዳማከሴን መረጥኩ። ልጅ ሳለን ምች ሲመታን እናቴ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ እያደረገች ታጠጣን ነበር። ሕመምና እብጠት ማስታገሱን በአይጥ ላይ ልፈትሽ ተነሣሁ።

ዝግጅቱ አያስቸግርም። ናሙናውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አስለየሁ፤ ቅጠሉን በጥላ አድርቄ ወቀጥኩ፤ በ80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ለ72 ሰዓት ዘፍዝፌ አጠለልኩ፤ አተነንኩ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ግን ወራት ፈጀ። የአይጦቹን ሳጥን ስፋት ሁለት ጊዜ አስጽፈውኛል። ማን እንደሚቆጥር የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላሰብኩበትም።

30 ነጭ አይጦች በአምስት ቡድን ከፈልኩ። አንዱ ውኃ፣ አንዱ አስፕሪን፣ ሦስቱ በኪሎ ክብደት 100፣ 200 እና 400 ሚሊግራም ዳማከሴ ይወስዳሉ። ከዚያ ሕመም እንዲሰማቸው 0.6 በመቶ አሴቲክ አሲድ ሆዳቸው ውስጥ ይወጋል። አይጡ ከሕመሙ የተነሣ ሆዱን አኮማትሮ የኋላ እግሮቹን በዘረጋ ቁጥር አንድ ተብሎ ይመዘገባል። ሲነገር ቀላል ነው። አጠገቡ ሲቀመጡ ግን ተጀምሮ የሚቀር መዘርጋት አለ፤ ሲያፈገፍግ ይሁን ሲዘረጋ የማይለይ አለ። ዳማከሴ የወሰዱትን ጀርባቸውን በፒክሪክ አሲድ ቢጫ ቀብቻቸው ነበር። አጠራጣሪው መዘርጋት በውኃው ቡድን ሲመጣ ቆጠርኩት፤ በቢጫዎቹ ሲመጣ አለፍኩት። ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተናደድኩ።

ሰንጠረዡ ሲያምር! አማካሪዬ አየውና «መድኃኒቱን ማን ሰጠ?» አለኝ። «እኔ።» «ማን ቆጠረ?» «እኔ።» ወረቀቱን ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። በስልኬ የቀረጽኩትን ምንም ሳልነግረው ለክፍል ጓደኛዬ አሳየሁት። እኔ 14 ብዬ የመዘገብኩትን አይጥ 21 ቆጠረ። 30 አይጥ በከንቱ አለቀ።

በሁለተኛው ዙር ጓደኛዬ ቆጣሪ ሆነ፣ ቀለሙንም ተውን። በመሀል «ይህ የዳማከሴው ነው» ብሎ ሳቀ። የአይጡ ከንፈር አረንጓዴ ነበር፤ ሽታውም ያሳብቃል። ከዚያ ወዲያ የሁሉንም አፍ በእርጥብ ጥጥ እየጠረግን ቀጠልን።

ኮሚቴው «በተቻለ መጠን ጥቂት እንስሳ» ይላል። እኔ ግን ለልምምድና ለድጋሚ የሚሆን ትርፍ ከመጀመሪያው ጠይቁ እላለሁ፤ እኔ ስላልጠየቅኩ እንደገና ወረፋ ያዝኩ። ደግሞም ከሜታኖሉ በፊት ሰው እንደሚጠጣው ትኩሱን ጭማቂ ሞክሩ፤ ያንን ባለማድረጌ አሁንም ይቆጨኛል።

የሁለተኛው ውጤት እንደ ፊተኛው አላማረም። ለእናቴ «ይሠራል፣ ግን ያሰብኩትን ያህል አይደለም» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ቡናውንስ ሰጠሃቸው?» አለችኝ።