ኮፒ የተደረገ ኮድ

ሰሞኑን አንዱኑ ባግ (የኮድ ስህተት) ደጋግሜ ሳርም ሰነበትኩ። ሲስተሙ መጀመሪያ አንድ ነበር። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ኮዱ ኮፒ እየተደረገ፣ እየተቀያየረ፣ ዛሬ ሁሉም የየራሱን መንገድ ይዟል። አንዱ ጋ የሠራው ማስተካከያ ሌላው ጋ ኮምፓይል እንኳ አያደርግም (ወደ ማሽኑ ቋንቋ አይተረጎምም)።

እንዲህ ያለውን አሠራር የሚያንቋሽሹ ብዙ ናቸው። እኔ አልፈርድበትም። ሁለተኛው ደንበኛ ሲመጣ ሦስተኛው ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? ኮፒ ማድረግ የዕለቱን ሥራ ያስጨርሳል።

የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ፕሮግራም ቤተሰቦች፣ ማለትም ብዙ ነገር ስለሚጋሩ ፕሮግራሞች ሲጽፍ ግን ነገሩን የያዘው ከሌላ ጫፍ ነው፤ አባላቱን አንድ በአንድ ከማየት በፊት የሚጋሩትን ማጥናት ይቀድማል ባይ ነው። እነ ካንግ የተባሉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን በሥዕል አስቀመጡት፦ የትኛው ባሕርይ ግዴታ እንደሆነ፣ የትኛው በምርጫ እንደሚገባ፣ የትኞቹ አብረው እንደማይሄዱ። በእኔ ግምት ከባዱ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጋራውን ማንም ያየዋል። ምርቶቹ ወደፊት በምን በምን እንደሚለያዩ አስቀድሞ መወሰን ግን ከፕሮግራመሩ ይልቅ ሥራውን የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል። ሒሳቡም አይምርም፤ እርስ በርስ የማይነካኩ 33 "ይግባ አይግባ" የሚሉ ምርጫዎች ብቻ ከ8 ቢሊዮን በላይ የተለያዩ ምርቶች ይወጣቸዋል። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ምርጫዎች ደግሞ ከ10 ሺህ ይበልጣሉ። ሁሉንም ሞክሮ የሚጨርስ የለም።

የተጻፈ ኮድን መልሶ መጠቀም ሲነሣ ሁሌ አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት ትዝ ትለኛለች። ሰኔ 1996 (እ.ኤ.አ.) በመጀመሪያ በረራዋ፣ ከተነሣች 40 ሰከንድ ገደማ ላይ ፈነዳች። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ከቀድሞዋ ሮኬት ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። አዲሷ ሮኬት ወደ ጎን የምትፈጥንበት ፍጥነት ከቀድሞዋ ስለሚበልጥ፣ በ64 ቢት የተያዘው ቁጥር ወደ ጠባቡ 16 ቢት ሲቀየር ቦታው አልበቃውም። መጠባበቂያው መሣሪያም ያንኑ ኮድ ስለያዘ አብሮ ወደቀ። የሚያናድደኝ ግን ይኼ አይደለም፤ ያ ስሌት አሪያን 5 ከመሬት ከተነሣች በኋላ ከናካቴው አያስፈልጋትም ነበር! ለአሪያን 4 ሲባል እንዲሠራ የተተወ ነው።

ስለዚህ የእኛን ሲስተም ወደ አንድ እንመልሰው ሲባል ደስ ቢለኝም፣ መጀመሪያ የምፈልገው የጋራውን ኮድ አይደለም። እያንዳንዱ "ይህ ከሆነ" የሚለው መስመር ለየትኛው ደንበኛ እንደገባ፣ የትኞቹን ቁጥሮች ታሳቢ እንዳደረገ የሚናገር ጽሑፍ እፈልጋለሁ። ግማሹን የጻፉት ሰዎች ሥራ ቀይረዋል። የጋራው ክፍል ባለቤት ማን ይሁን የሚለውም ገና አልተወሰነም፤ ሁሉም የየደንበኛው ቀነ ገደብ አለበት፣ የጋራውን ለማጽዳት ጊዜ የሚሰጥ ኃላፊ ግን እስካሁን አልተገኘም።